ባንድ ስንዝር የሚለካ ቀለበት

ቀለም ቀቢው ሰውዬ በሠፈርም በሥራም ቦታ «ጋሽ ቀለበት» ነው የሚባለው። ስሙን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ወይ ወርቅ ሠሪ፣ ወይ ደግሞ ሦስት አራቴ ያገባ ይመስለዋል። ሁለቱንም አይደለም። ያገባው አንዴ ነው፤ የጋብቻ ቀለበቱንም ቢሆን ባገባ በሁለተኛው ዓመት ባልዲ ውስጥ ጥሎት፣ ከሰው ሳሎን ግድግዳ ጋር አብሮ ተቀብቷል እያለች ሚስቱ እስከ ዛሬ ትከስሰዋለች። ስሙን ያወጣለት ሌላ ቀለበት ነው፤ ፀሐይን አንዳንድ ቀን ከሩቅ የሚከባት ያ ሰፊ ክብ።

የውጭ ግድግዳ የሚቀባ ሰው ጠላቱ አንድ ነው፤ ያልታሰበ ዝናብ። አዲስ ቀለም አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ደረቅ አየር ካላገኘ ውሃው እያጠበ ያወርደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሁሉ «ሀ» ብሎ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ባልዲ ሳይከፈት፣ ጋሽ ቀለበት የእንጨት መወጣጫው ጫፍ ላይ ይወጣል። ቀኝ ክንዱን ወደ ፀሐይዋ ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል፤ በአውራ ጣቱ ፀሐይዋን ይደፍናታል፤ ትንሿን ጣቱን የቻለውን ያህል ይለጥጣታል። እንዲህ ሆኖ ትንሽ ይቆይና ይወርዳል። ሲወርድ ወይ «ቀቡ» ይላል፣ ወይ «ሸራ አልብሱ፣ ውሃ እየመጣ ነው» ይላል። ቀለበት አየሁ፣ አላየሁም ከማለት በቀር ላይ ሆኖ ምን እንደሚሠራ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው፣ ያለ መሰላል ኮርኒስ የሚነካው ረጅሙ፣ «ለፀሐይ ሰላምታ እየሰጠ ነው፤ እሷ ግን አንድ ቀን መልሳለት አታውቅም» እያለ ያስቅበታል። ጋሽ ቀለበት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ምስጢር የያዘ ሰው ቀልድ አይከብደውም።

ምስጢሩን ያገኘው ከአንዲት ጡረተኛ ነው። ሴትዮዋ ዕድሜዋን በሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአየር ጠባይ ስትመዘግብ የኖረች ናት፤ እሱ ደግሞ የመኝታ ቤቷን ኮርኒስ ሊቀባላት ሄዶ ነበር። የሚያዳምጣት ሰው ካገኘች ብዙ ጊዜዋ ነበርና ወንበር ስባ ከመሰላሉ ሥር ተቀመጠች። እሱም መሰላል ላይ ሆኖ የት ይሄዳል? ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ደመና ነገረችው።

ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚሄደው፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሳሳው ደመና ውሃ ሳይሆን በረዶ ነው አለችው። ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው፤ ቅርጻቸውም ስድስት ጎን አለው። ይኸኔ ከጆሮህ ላይ እርሳሱን አውርድ አለችውና ጎኖቹን አስቆጠረችው፤ እውነትም ስድስት ናቸው። አሥር ዓመት ጆሮው ላይ ሰክቶት ሲዞር አንድም ቀን ቆጥሮት አያውቅም። ብርሃን በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ሲወጣ ይታጠፋል፤ አብዛኛው የሚታጠፈው ባንድ ልክ ስለሆነ ፀሐይዋ ዙሪያ ክብ ይሠራል። ልኩን ደግሞ ሰው ሁሉ በእጁ ይዞት ይዞራል። ክንድህን ዘርጋ፣ በአውራ ጣትህ ፀሐይዋን ሸፍን፣ ትንሿ ጣትህ ሄዳ ቀለበቱን ትነካለች። እጁ የገዘፈ ሰው ክንዱም ይረዝማልና ለሁሉም ያው አንድ ስንዝር ነው። የዚህ ቀለበት ቀዩ በውስጥ፣ ወደ ፀሐይዋ በኩል ነው።

ሌላም አለ አለችው፤ ፀሐይን ወይም ጨረቃን ጥብቅ አድርጎ የሚያቅፍ ትንሽ ክብ። እሱ ዘሩ ሌላ ነው። ብርሃን በጥቃቅን ጠብታዎች ወይም በጣም በደቀቀ በረዶ ዳር ዳር ሲያልፍ ተበትኖ የሚሠራው ነው፤ የሱ ቀይ በውጭ በኩል ነው የሚሆነው። ያኛው ሰፊው፣ ባለ ስንዝሩ፣ ብዙ ጊዜ ዝናብ ከኋላው አስከትሎ ይመጣል። «ሁልጊዜ ግን አይደለም» አለች በመጨረሻ። ጋሽ ቀለበት ሁሉንም በልቡ ጻፈው፤ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ግን እዚያው ኮርኒሱ ላይ ትቷት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊያታልለው አልቻለም። ወሬው ከቀቢ ወደ ግንበኛ፣ ከግንበኛ ወደ ጣሪያ ሠሪ ተዛመተ። አሁን የሚሠራላት ተቋራጭ፣ ቁርጥ ያለች ሴት ናት፣ ሌላውን ሠራተኛ በሰዓት ስትቆጣጠር እሱን ግን በየጠዋቱ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ያቺን ጥያቄ ይወዳታል። እቤቱ ከመስታወት ፊት ቆሞ ጺሙን ሲላጭ መልሱን በተለያየ ድምፅ ይለማመዳል ብላ ሚስቱ ብትምል አትዋሽም።

ዝና ግን ሰነፍ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት ነው፣ መወጣጫው ጫፍ ድረስ መውጣት ጉልበቱን እያመመው መጣ፤ ደግሞስ ይህን ሁሉ ዘመን ያየ ሰው ምን ይለካል? ከመታጠቢያ ቤት መስኮት አንዴ ገልመጥ ካደረገ ይበቃዋል። ክንድ መዘርጋቱ ቀረ፤ ጣት መለጠጡ ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ላለው ነው።

መለካት በተወ በጥቂት ወራት ቀለበቱ በዛ። በፊት በወር አንዴ ሁለቴ የሚመጣው አሁን በሳምንት ሦስቴ ይታየው ጀመር። ያውም ከፀሐይዋ ጋር ተጣብቆ። ጋሽ ቀለበት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጠራጠር ነበር፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ሕግ አወጣ። ቀለበቱ ከጠበበ ዝናቡ ቀርቧል ማለት ነው አለ። ይህን ሕግ ከሱ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቀው የለም።

በዚያ ሰሞን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይዘው ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ። ጋሽ ቀለበት «ሸራ አልብሱ» ይላል፣ ያለብሳሉ፣ ሰማዩ ግን ጥርሱን ፈልቅቆ ይስቃል። ሠራተኛው ከሸራው ሥር ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። በሁለት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አሥራ አንድ ሆነ። ረጅሙ መጀመሪያ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ ሲያስቅ ነበር፤ በኋላ መቀለዱን ተወ፤ ይህ ደግሞ ከቀልዱ የባሰ ሆነ። ጋሽ ቀለበት ተሳስቻለሁ አይልማ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ባይ ነው። ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቧል፣ ነፋስ ወስዶታል፣ ማታ ተኝታችሁ ሳለ ጠብ ብሏል፤ ምክንያት አያልቅበትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማብቂያ ላይ ተቋራጯ ለብቻው ጠራችው። አልጮኸችም። ቢሮ ብላ የምትጠራው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ውሃ ቀዳችለትና፣ ከነገ ጀምሮ የአየሩን ነገር ከስልኳ ላይ እንደምታየው፣ እሱም ቢደክመው የውስጥ በሮችን ቢቀባ እንደሚሻለው ነገረችው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ክፋቷን ቢያይ ይሻለው ነበር። በር መቀባት ሥራ ነው፤ ደሞዙም ያው ነው። በር የሚቀባን ሰው ግን «ዛሬስ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። አንጀቱ የተቃጠለው በዚህ ነው።

ማታ ኩሽና ውስጥ ሚስቱ የስፌት ክሯን በየቀለሙ እየለየች፣ እሱ አገጩን በእጁ ደግፎ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተቀምጧል። ሆዱን ያሳረረውን ሁሉ ነገራት። ሲጨርስ በምሬት ወደ ላይ አገጩን ቀሰር አደረገ።

«እነሱ የለም ይላሉ። እንኳን ፀሐይዋ ይሄ አምፖል ራሱ ቀለበት አለው።»

ሚስቱ ክሩን አስቀምጣ ቀና አለች። አምፖሉን አየች፤ እሱን አየች፤ ተመልሳ አምፖሉን አየች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «ታዲያ ኩሽናችን ውስጥ ሊዘንብ ነው?» አለችው።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ተነሥታ የድስት ክዳን አነሣችና ወንበር ላይ ቆማ አምፖሉን ከዓይኑ ጋረደችበት፤ አሁንስ ቀለበቱ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። የለም። ክዳኑን አነሣችው፤ መጣ። ጋረደችው፤ ሄደ። የሰማዩ ቀለበት ፀሐይዋን በጣት ስትሸፍናት ይበልጥ ይጎላል እንጂ አይጠፋም፤ ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞ አሁን አተኩሮ ሲያይ የአምፖሉ ቀለበት ቀዩ በውጭ በኩል ነው። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ከተማ ሲዞር የዋለ ሰው፣ ያንን ያወቀ ጊዜ የሚሰማው ነገር ተሰማው። ያን ሁሉ ጊዜ ደመናው ያለው ሰማዩ ላይ አልነበረም።

ፈራ። እውነቱን መናገር ካስፈለገ በጣም ፈራ። ቀለም ቀቢ እጁ ቢሰበር ይጠገንለታል፤ ዓይኑስ? ሚስቱ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው አንድ ሳምንት በጉልበቱ አሳበበ፤ አንድ ሳምንት በብርድ አሳበበ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ማሳበቢያ ሳትጠይቀው ጃኬቱን ይዛ በር ላይ ቆመች።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። መብራቷን ከሁለቱ ዓይኖቹ ፊት ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ቆይታ የዓይን ሞራ ነው አለችው፤ ቀኙ የባሰ፣ ግራው ገና ጀማሪ። ዓይን ውስጥ ያለው መስታወት መሳይ ነገር ሲደፈርስ የሚገባው ብርሃን እዚያው ውስጥ ይበተናል፤ መብራት ሁሉ ክብ የሚያወጣው ለዚህ ነው ብላ አስረዳችው። ጋሽ ቀለበት ራሱን ነቀነቀና፣ ይሄ ነገር በረዶ ይሆን ወይ ብሎ በቁምነገር ጠየቃት። አይደለም አለች። ቀዩስ በውጭ በኩል የሚሆነው እንዴት ነው ሲላት ሐኪሟ መብራቷን አጥፍታ ትንሽ አየችው። ብዙ በሽተኛ አይታለች፤ በሽታውን አስተካክሎ የለካ ግን አልገጠማትም።

መጀመሪያ ለቀኝ ዓይኑ ቀዶ ሕክምና ሠሩለት። ጨለማ መነጽር፣ ጠብታ፣ እና ረጅም የክልክል ዝርዝር ሰጡት። አቧራ ክልክል፣ ዕቃ ማንሣት ክልክል፣ ማጎንበስ ክልክል፣ ወደ ፀሐይ ቀና ማለት ጭራሽ የማይታሰብ። በአምስተኛው ቀን ሚስቱን «ሰላም ብያቸው እመጣለሁ» ብሏት ወደ ሕንፃው ሄደ። ሚስቱ የሰላምታውን ዓይነት ስለምታውቀው ተከትላው ሄደች።

የመጨረሻው እጅ ቀለም የሚቀባበት ጠዋት ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሕንፃውን ያስረክባሉ። ባልዲው ሁሉ ተደርድሯል፣ ተቋራጯ ስልኳን አይታ ደረቅ ነው ብላለች። ጋሽ ቀለበት ከበሩ ጥግ ጥላ ውስጥ ቆሞ መነጽሩን ለአፍታ ብድግ አደረገና በአዲሱ ዓይኑ መጀመሪያ ያየው የራሱን የቀለም ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ላይ የተጫረውን ሁሉ እንዲደፍንበት በገዛ እጁ የበጠበጠው ነጭ ቀለም ነበር። ነጭ ሆኖ አላገኘውም፤ ሰማያዊ ነው፤ ያውም ሰማይን የሚያስንቅ ሰማያዊ። ለካ በዚያ በደፈረሰ ዓይኑ ነጩ ሁሉ ቢጫ ሲሆንበት፣ ቢጫውን ላጥፋ ብሎ ሰማያዊ ሲጨምርበት ከርሟል። እየፈራ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ አንድም ሰማያዊ ነጥብ የለም። ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ ነጭ ነው።

ረጅሙ መወጣጫው ላይ ሆኖ ያየዋል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ረጅሙ ጫማውን አየ። ለካ ረጅሙ ሰው ምሳ ሲወጣ እየቀረ፣ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ፣ ሁለት ወር ሙሉ እያንዳንዷን ነጥብ ሲያጠፋለት ኖሯል። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ቀለበት መነጽሩን መለሰው፤ መነጽሩ ጨለማ መሆኑ በጀው።

ይኸኔ ነው በግራ ዓይኑ፣ በዚያ በጀማሪው፣ በጣሪያው ጠርዝ በኩል አንድ ነገር ሽው ያለበት። ሰፊ ነው። ፈዛዛ ነው። ሰማዩም ወተት ጠብ እንዳለበት ውሃ ነጣ ብሏል። የድሮው ጋሽ ቀለበት ቢሆን አፉን ሞልቶ «ሸራ አልብሱ» ይል ነበር። የአሁኑ ግን በዚያው ዓይን አውቶቡስ ላይ ስንት ቀለበት ሲቆጥር እንደመጣ ያውቃል። ቀና ብሎ እንዳያጣራ ሐኪሟ ከልክላዋለች፤ ባትከለክለውም ሚስቱ ክንዱን ይዛለች። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም፤ ማን ጠየቀው? ቢናገርና ቢሳሳት ግን አሥራ ሁለተኛው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለበሩም የሚፈልገው የለም። ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያንንም መንገድ እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየም።

ነጩን ግድግዳ እንደገና አየው።

«ረጅሙ» አለ፣ «ቀኝ እጅህን ወደ ፀሐይ ዘርጋ። በአውራ ጣትህ ድፈናት።»

ሠራተኛው ሁሉ ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ረጅሙ ይቀልድብኝ ይሆን ብሎ ትንሽ አየውና ያንን የትየለሌ ክንዱን ዘረጋ።

«ትንሿን ጣትህን ለጥጥ። ጫፏ ላይ ምን አለ?»

ረጅሙ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ የጣቱን ጫፍ አተኩሮ አየ። «ክብ አለ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ሰለል ብሏል።

«ቀዩ በየት በኩል ነው?»

«በውስጥ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጋሼ፣ ቀለም ቀቢ እኮ ነኝ።»

ጋሽ ቀለበት ወደ ተቋራጯ ዞረ። የበረዶውን ደመና፣ ስድስቱን ጎን፣ ስንዝሩን፣ እርሳሱን ሁሉ እዚያው በሩ ጥግ ቆሞ ነገራት፤ ሃያ ዓመት የደበቀው ነገር ተነግሮ ለማለቅ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በዚህ ራሱ ትንሽ አዘነ። ሲጨርስ፣ ሳያስበው፣ እዚያ ኮርኒስ ላይ ትቷት የመጣት ቃል አፉ ላይ መጣች።

«ይዘንባል አልልሽም ልጄ። ብዙ ጊዜ ይዘንባል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቀለበቱ እውነተኛ መሆኑን ግን በረጅሙ ዓይን እምልልሻለሁ።»

ተቋራጯ ስልኳን ኪሷ ከተተችና የራሷን ክንድ ዘረጋች። አጭር ክንድ ናት፣ ትንሽ እጅ። አውራ ጣቷ ፀሐይዋን ሸፈነች፤ ትንሿ ጣቷ ሄዳ ክቡን ነካች። እጇን አወረደች፣ እንደገና ዘረጋች፣ ያው ነው። ባልዲዎቹ እንዲከደኑና ሸራው እንዲለብስ አዘዘች።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ዝናቡ ወረደ። እስከ ቀትር አላባራም። ጋሽ ቀለበት እቤቱ ሆኖ ጣሪያውን ሲያዳምጥ ዋለ፤ ደስታውን ሚስቱ እንዳታይበት ጋዜጣ ቢዘረጋም ጋዜጣው ተገልብጦ ነበር። ግድግዳው ሰማዩ ሲገለጥ ተቀብቶ ርክክቡ ሁለት ቀን ብቻ ዘግይቶ ተፈጸመ።

ክልክሉ ተነሥቶለት ወደ ሥራ ሲመለስ ሌላ ሕንፃ ጀምረዋል። ጠዋት በበሩ ሲገባ ያየው ነገር እግሩን ያዘው። መወጣጫው ላይ ስድስት ሰው ተደርድሮ ስድስት ክንድ ወደ ፀሐይ ተዘርግቷል። አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል፤ ረጅሙ እንደ አስተማሪ ከኋላቸው እየተመላለሰ ጣት ያቃናል። ጋሽ ቀለበት ጥላው ውስጥ ቆመ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ግን ከፋው፤ አሁንማ ሁሉም እጅ አለው፣ ሁሉም ዓይን አለው፣ ማን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ብሩሹን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ በሮቹ አመራ።

«ጋሼ» አለች ከኋላው ተቋራጯ። «ሦስቱ አለ ይላሉ፣ ሦስቱ የለም ይላሉ። እርስዎስ?»

ጋሽ ቀለበት ዞረ። ፀሐይዋ በሳሳ ደመና ውስጥ ናት፤ ዙሪያዋ ላይ አንድ ነገር ያለም የሌለም ይመስላል። መልሱ እንደ ድሮው ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ በየትኛው ድምፅ እንደሚለው እንኳ ያውቀዋል። ዋጠው። ብሩሹን መሬት አኖረና መሰላሉን ያዘ።

«ቆይ፣ ልለካ» አላት።